ያከሰራችሁ ክሱ አይደለም

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጀበናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጣድ የሚነሣ ወሬ አለ። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ምግብ ቤት ወይም የጽዳት ድርጅት ያለው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ እንቅልፉን ሸጦ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። «እዚህ አገር ሠራተኛህን ዛሬ አምሮብሻል ካልካት ቤትህን ፈርመህ እንደ ሰጠሃት ቁጠረው» ይላል። አጠገቡ ያለው ይቀበልና ኩባንያዋን ከስሳ ሚሊዮን ዶላር ስላፈሰች አንዲት ሴት ያወራል። የሴትየዋ ስም አይታወቅም፣ የኩባንያውም አይታወቅም። ሚሊዮኑ ግን በየቅዳሜው ይወልዳል።

ባለፈው ጊዜ አንድ ባለ ምግብ ቤት የሰው ሳይሆን የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። አስተናጋጃቸው የነበረች ልጅ በሥራ አስኪያጃቸው ምክንያት ከሰሰቻቸው። ጠበቃ ያዙ፣ ወራት ተንገላቱ፣ በመጨረሻ ገንዘብ ከፍለው ተስማሙ። «አከሰረችኝ» አሉ። ከንፈር ተመጠጠላቸው። የምጠጣው የእሳቸውን ቡና ነበርና እኔም አብሬ መጠጥኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ያቺ «አከሰረችኝ» የምትል ቃል አልዋጥ አለችኝ። ምግብ ቤት ያለው ሰው ከማንም በፊት ማወቅ የሚገባውን ነገር የሳቱት መሰለኝ፦ ሒሳብ የሚመጣው ከተበላ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ያንን ከንፈር መምጠጤን ለመመለስ ነው። «በትንኮሳና በአድልዎ የሚነሣ ክስ አሠሪውን እየገደለው ነው» የሚለው እምነት የእኛ ቡና ብቻ አይደለም። የአሠሪ ጠበቆች ይሰብኩታል፣ ኢንሹራንስ ሻጮች ይነግዱበታል፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮዎች ለስብሰባ መክፈቻ ያደርጉታል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። አሠሪን የሚያከስረው ከአቤቱታው በፊት በቸልታ ያሳለፈው፣ ከአቤቱታው በኋላ ደግሞ በእልህ የሠራው ነው። ክሱ ራሱ ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ርካሽ ነው። (የአሜሪካ ጉዳይ ሲነሣ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሲነሣ እንደ እኛው አቆጣጠር ይዣለሁ።)

እስቲ «ክስ ሎተሪ ነው» ከሚለው እንነሣ። ሎተሪ ነው የሚሉት ሰዎች ትልቁ ዕጣ ስንት እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛው ክፍል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በትውልድ አገር ምክንያት ሠራተኛን ማበላለጥ ከለከለ። ለመጀመሪያዎቹ 27 ዓመታት በዚህ ሕግ ከስሳ የረታች ሴት የምታገኘው የቀረባትን ደመወዝና ወደ ሥራዋ መመለስን ነበር፤ ለተዋረደችበት፣ እንቅልፍ ላጣችበት አምስት ሳንቲም አልነበረም። በ1991 ኮንግረሱ ሕጉን አሻሽሎ የሞራል ካሳና የመቀጣጫ ካሳ ፈቀደ፤ በዚያው ብዕር ግን ጣሪያ መታበት። ከ15 እስከ 100 ሠራተኛ ያለው አሠሪ ቢበዛ 50,000 ዶላር ይከፍላል። እስከ 200 ያለው 100,000፣ እስከ 500 ያለው 200,000። ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ፣ ሚሊዮን ሠራተኛ ቢያሰልፍም፣ ከ300,000 አያልፍም። የቀረ ደመወዝና የጠበቃ ወጪ ለብቻ ይታሰባል። ጣሪያው ከተመታ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ መሐል የዶላሩ አቅም ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ጣሪያው ግን ከተመታበት ንቅንቅ አላለም። ዳቦ፣ ቤት ኪራይ፣ የጠበቃ ሰዓት ሁሉ ሲወደድ የሴት ልጅ ክብር ብቻ በአሮጌው ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ትንሽ አንቀጽ ናት። ሕጉ ዳኛው ስለ ጣሪያው ለጁሪው እንዳይናገር ይከለክላል። ስለዚህ ጁሪው በማስረጃው ተቆጥቶ ሦስት ሚሊዮን ይፈርዳል፤ ጋዜጣው ሦስት ሚሊዮን ብሎ ይጽፋል፤ ዳኛው በማግስቱ መቀሱን አንሥቶ ከልኩ ያደርሰዋል። መቀሱ ዜና አይሆንም። ቡናችን ላይ የሚደርሰው ታዲያ ገና ያልተቆረጠው ቁጥር ነው።

«ሚሊዮን የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በዘር አድልዎ የሚከስ ሰው ከባሪያ ነፃነት ማግስት በ1866 የወጣ ሌላ ሕግ አለው፣ እሱ ጣሪያ የለውም። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ክፍለ ግዛቶችም የራሳቸው ጣሪያ የለሽ ሕግ አላቸው። በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጠ ጁሪ በቴስላ ፋብሪካ አሳንሰር ያንቀሳቅስ ለነበረ፣ በዘሩ በየቀኑ ለተሰደበ አንድ ጥቁር ሠራተኛ 137 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ያቺ ቁጥር ዓለምን ዞረች። ዳኛው ወደ 15 ሚሊዮን አወረዷት። ሰውየው አልቀበልም ብሎ እንደገና ተሟገተ፤ በ2023 የተቀመጠው ሁለተኛ ጁሪ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰጠው። ይህም ብዙ ገንዘብ ነው፣ አልክድም። ግን 137ን የሰማ መቶ ሰው አውቃለሁ፤ 3.2ን የሰማ አንድም አላጋጠመኝም።

ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ አንድ ዶላር ከፍሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሳሽ እንዲህ አይደለችም። በደሉ ከደረሰባት በ180 ቀን ውስጥ፣ እንደ ክፍለ ግዛቱ ቢበዛ በ300 ቀን ውስጥ፣ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት አለባት። ኮሚሽኑ ጉዳዩን ይዞ ይቆይና የመክሰስ ፈቃዷን ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ከዚያ 90 ቀን አላት። የሠራተኛ ጠበቆች የሚከፈላቸው በአብዛኛው ሲረቱ ብቻ ነው፤ በገዛ ጊዜያቸው የሚቆምሩ ስለሆኑ ደካማውን ጉዳይ ከበር ይመልሱታል። ይህን ሁሉ አልፋ መሠረት የሌለው ክስ ይዛ የገባችም ብትኖር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና በ1978 መልስ ሰጥቶበታል፦ ክሱ ከንቱ መሆኑ ከተረጋገጠ የአሠሪውን የጠበቃ ወጪ ከሳሿ ልትከፍል ትችላለች። ሐሰተኛ ከሳሽ የለችም አልልም። ግን የሐሰት ክስ በነጻ ይገኛል የሚለው ወሬ ራሱ ሐሰት ነው።

ታዲያ አሠሪው የሚከስረው በምንድን ነው? ሼይላ ዋይት የምትባል ሴት ጉዳይ ከአሥር የሕግ መጽሐፍ በላይ ያስረዳል። በ1997 ሜምፊስ፣ ቴነሲ በሚገኝ የበርሊንግተን ኖርዘርን የባቡር ኩባንያ ግቢ ተቀጠረች። በሐዲድ ጥገናው ክፍል ያለች ብቸኛ ሴት እሷ ነበረች፤ ሥራዋ ፎርክሊፍት መንዳት ሆነ። የቅርብ አለቃዋ ሴት እዚህ መሥራት የለባትም እያለ ደጋግሞ ሲናገራት፣ በወንዶቹም ፊት ሲያዋርዳት ለበላይ አመለከተች። ኩባንያው መረመረ። አለቃውን ለ10 ቀን አገደው፤ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ ሥልጠና እንዲወስድም አዘዘ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ኩባንያው እስከዚህ ድረስ ትክክል ሠርቷል። ጉዳዩ እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጠቅላላ ወጪው የአንድ ሰው የ10 ቀን እገዳ ነበር፤ የሼይላ ዋይትንም ስም እኔም እናንተም አንሰማውም ነበር።

ግን እልህ አለ። በዚያው ሰሞን ከፎርክሊፍቱ አወረዷትና ወደ ተራው የሐዲድ ጉልበት ሥራ ላኳት። የሚሻለው ሥራ ለነባር ወንድ ይገባል ተባለ። ለኮሚሽኑ ስታመለክት ደግሞ በዲሴምበር «አለቃ አልታዘዘችም» ተብላ ያለ ደመወዝ ታገደች፤ ለ37 ቀን፣ ገናን ጨምሮ። ኋላ ኩባንያው ራሱ መርምሮ አለመታዘዝ የሚባል ነገር አልነበረም ብሎ መለሳት፤ የታገደችበትንም ደመወዝ ከፈላት። ጁሪው የሕክምና ወጪዋን ጨምሮ 43,500 ዶላር ፈረደላት። አርባ ሦስት ሺሕ! አንድ ፎርክሊፍት ገዝቶ የሚተርፍ ገንዘብ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ኩባንያው ግን ይግባኝ አለ፣ ተሸነፈ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጣ። በ2006 ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ለእሷ ፈረዱ። ከሜምፊስ እስከ ዋሽንግተን በየደረጃው ያቆማቸው ጠበቆች በነጻ አልሠሩለትም። በዚያ ላይ በእልሁ ለአሜሪካ አሠሪ ሁሉ ጠበቅ ያለ ሕግ ገዛላቸው፦ አስተዋይ ሠራተኛን ከማመልከት ሊያስቀር የሚችል ማናቸውም ከበድ ያለ የበቀል እርምጃ፣ ደመወዟ ባይነካም፣ ያስጠይቃል።

ይህ የአንድ ባቡር ኩባንያ ግትርነት ቢሆን አላነሣውም ነበር። በ2020 ለኮሚሽኑ ከቀረቡት አቤቱታዎች ውስጥ 55.8 በመቶው የበቀል እርምጃ ያለበት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ከግማሽ የሚበልጠው ጉዳይ ውስጥ አሠሪው የተከሰሰበት ነገር የመጀመሪያው ስድብ ወይም ልክፍት ብቻ አይደለም፤ «ለምን ተናገርሽ» ብሎ በኋላ ያደረገው ነው። ፈረቃ መቀየር፣ ሰዓት መቀነስ፣ ማኩረፍ፣ ማባረር። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በቀዝቃዛ ራስ አስቦ፣ ብዙ ጊዜም ጽፎ ነው። ከዚያ ክሱ እንደ መብረቅ ወደቀብኝ ይላል።

ወደ ትልልቆቹ ስንሄድ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። በ2016 የፎክስ ኒውስ አዘጋጅ የነበረችው ግሬቼን ካርልሰን የጣቢያውን አለቃ ሮጀር ኤይልስን በወሲባዊ ትንኮሳ ከሰሰች። ሰውየው ካደ፤ ሌሎች ሴቶች ግን ተከታትለው ተናገሩ፤ ከሳምንታት በኋላ ሥራውን ለቀቀ። በጊዜው እንደ ተዘገበው ለእሷ 20 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። እሱ ይዞት የወጣው 40 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ክስ አከሰረን የሚሉ ሰዎች ሁለተኛውን ቁጥር ለምን አይጠሩትም? በዓመቱ የእናት ኩባንያው ባለ አክሲዮኖች ያነሡት ክስ በ90 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ገንዘባቸውን ያጡት ባለ አክሲዮኖች የከሰሱት ሴቶቹን አልነበረም፤ እያወቀ ዝም ያለውን አመራር ነው። ከአንባቢ ይልቅ ባለ ገንዘብ ነገሩን ቶሎ ይረዳል።

ጉግልም ያው ነው። በ2014 በትንኮሳ ተወንጅሎ የወጣ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ (እሱ ውንጀላውን ክዷል) 90 ሚሊዮን ዶላር ተቆርጦለት መሸኘቱ በ2018 ሲጋለጥ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሠራተኛ በየአገሩ ሥራ ጥሎ ወጣ። በ2020 ኩባንያው ከባለ አክሲዮኖች ጋር ሲታረቅ ለሥራ ቦታ ለውጥ 310 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ቃል ገባ። በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ውስጥ የከሳሽ ድርሻ የቱ ጋ ነው? ውድ የሆነው ሰውየውን በክብር መሸኘት ነበር። አገሩም ይህ ገብቶት መሰለኝ፣ በ2017 የወጣው የግብር ሕግ የወሲባዊ ትንኮሳ ስምምነትን ከምሥጢር ውል ጋር የፈረመ ድርጅት ክፍያውን ከግብሩ እንዳይቀንስ ከለከለ። ዝም ማሰኛ ብር እስከዚያ ድረስ እንደ ወረቀትና እንደ መብራት የሥራ ወጪ ሆኖ ይቀነስ ነበር ማለት ነው።

«ክስ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የኛ ሰው በሽማግሌ ነው የሚጨርሰው» የሚሉኝም አሉ። ይህን የሚል ሰው አያቱን አያውቅም። ለአንዲት ጥማድ መሬት ስንቅ ቋጥሮ ቀናት የሚጓዝ፣ ከባላጋራው ጋር በኩታ ጫፍ ተቆራኝቶ ከጭቃ ሹም እስከ ዙፋን ችሎት የሚወጣ፣ «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» እየተባባለ ማርና በቅሎ የሚወራረድ ሕዝብ ልጆች ነን። መንገደኛው እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩ ይታሰር ነበር። እርግጥ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያልነውም እኛው ነን። ግን ያ የተባለው ለአንድ ንጉሥ ነበር። ዛሬ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያለው ሁሉ ለራሱ ወስዶታል።

ሽምግልናም ቢሆን ወግ አለው። ሽማግሌ የሚባለው ሁለቱም ወገን የጠራው፣ ሁለቱም የሚያፍሩት ሰው ነው። አሠሪ ብቻውን መርጦ «ከእሱ ውጭ የትም አትሄጂም» የሚልሽ ሽማግሌ፣ ሽማግሌ አይባልም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ግን ለዓመታት ያደረጉት ይኸንኑ ነበር፤ በቅጥር ቀን ከሚፈረመው የወረቀት ቁልል መሐል ፍርድ ቤት ላለመሄድ፣ በዝግ ቤት በግልግል ዳኛ ብቻ ለመዳኘት የሚያስገድድ ውል አስገብተው ነበር። በ2022 ኮንግረሱ ለወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት ብቻ ይህን ሰበረው፤ ተበዳይዋ ከፈለገች ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለች። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በዕድሜው የተገፋው ግን ከነውሉ እዚያው ነው። ክስ ያን ያህል ጎርፍ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ግድብ ማን ይሠራው ነበር ትሉኝ ይሆናል፤ ግድቡ ከተሠራ በኋላም «ጎርፍ ወሰደን» እያሉ መጮህን ነው እኔ ያልገባኝ።

እንግዲህ ክስ አሠሪን የሚገድል ከሆነ፣ ክስ በሌለበት አገር አሠሪ ሊያብብ ይገባ ነበር። ወደ አገራችን እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በስም ጠርቶ ከለከለ፤ መልካም አደረገ። በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪዋ የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ትታ መውጣት ትችላለች። ከስንብት ክፍያው ሌላ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ በካሳ ይሰጣታል። ይህን መብቷን የምትጠቀምበት ጊዜ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ 15 የሥራ ቀናት ነው።

አሁን ሒሳቡን በእርሳስ እንሥራው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት የመነሻ ደመወዙ በወር 750 ብር አካባቢ ነበር። ለቀን ሲካፈል 25 ብር። በ90 ሲባዛ 2,250 ብር። ልጅቷ ከሲዳማ ወይም ከወላይታ ገጠር መጥታ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ሕጉን የሚነግራት ሰው አግኝታ፣ ማስረጃ ሰብስባ፣ 15 ቀኑ ሳያልፍ ወጥታ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ተመላልሳ ብትረታ የአሠሪዋ ካሳ ይኸው ነው። ለአንድ ወደ ውጭ ላኪ ፋብሪካ ይህ የአንድ ካርቶን ሸሚዝ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ከዚህ የረከሰ ሕግ ከየት ይመጣል?

አሠሪዎቹ ግን አላበቡም። የፓርኩ ፋብሪካዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ራስ ምታታቸው ሠራተኛ አለመርጋቱ ነበር፤ አሠልጥነው ሳይጨርሱ ልጆቹ ይሄዱባቸዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩ፣ የሌሊቱ መንገድ፣ የተቆጣጣሪው አፍ። የትኛው ስንት እጅ እንደሆነ ልፈርድ አልቀመጥም። ግን አቤት የሚባልበት በር በተዘጋበት ቤት ሰው የሚመልሰው በእግሩ ነው። እግር ደግሞ ጣሪያ የለውም፣ ኢንሹራንስም አይሸጥለትም። አዲስ ሰው መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ የተበላሸ ልብስ መጣል፣ የዘገየ ጭነት በአውሮፕላን መላክ፤ ይህ ሁሉ የክስ ወጪ ተብሎ አይመዘገብም፣ ስለዚህም ቡና ላይ አይወራም።

የባሰውን ለማየት ባሕሩን መሻገር ነው። ሳዑዲ ያለችን እህት ከፊሏ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ቢደፍራት ከቤቱ በወጣች ሰዓት «ሁሩብ» (ጠፍታለች) ብሎ ያስመዘግባታል፤ ከዚያ በኋላ ተፈላጊዋ እሷ ናት። ክሱን በፍጥነት የጀመረው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ለዚያ አሠሪ የሕግ ወጪ የሚባል ነገር በሕልሙም የለም። ወጪው ግን ጠፍቶ አይደለም፤ ሬሳ ሆኖ፣ የአእምሮ ሕመም ሆኖ፣ ቦሌ ላይ ደላላ የበላው ዕዳ ሆኖ የእሷ ቤተሰብ ይከፍለዋል።

አሜሪካም ቢሆን አብዛኛው ወጪ የሚከፈለው በዝምታ ነው። ኮሚሽኑ ያቋቋመው ግብረ ኃይል የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ በ2016 እንዳወጣው፣ ትንኮሳ ከደረሰባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉ ለአለቃም፣ ለሥራ መሪም፣ ለማኅበር ተወካይም ተናግረው አያውቁም። ከአራት ሦስት! እኛ ዘንድ ከዚህ ይበልጥ እንጂ አያንስም ብዬ የምገምተው በምክንያት ነው። ልጅቷ የጥገኝነት ማመልከቻዋ ገና አልተወሰነም፤ የሥራ ፈቃዷ የሚታደስበት ቀን ቀርቧል፤ በየወሩ ለእናቷ ትልካለች። አሠሪዋን «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ቤት ስትከራይ የፈረሙላት እሳቸው ናቸው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ለብሰው ያገኟታል። የሚነካካት የእህታቸው ልጅ ነው። ለማን ትናገር? ብትናገርስ የሚመጣላት መልስ ይታወቃል፦ «አንቺ ልጅ፣ የሰው እንጀራ ትዘጊያለሽ?»

ይህ ነገር አዲስም አይደለም፣ ሩቅም አይደለም። ወሲባዊ ትንኮሳ አድልዎ ነው የተባለበት የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ የመጣው ከዚያችው እኛ ከምንኖርባት ዋሽንግተን ነው። ሚሼል ቪንሰን በ1974 በአንድ የቁጠባ ባንክ ቅርንጫፍ በገንዘብ ከፋይ ተለማማጅነት ገባች፤ በሥራዋ አድጋ ረዳት ሥራ አስኪያጅ ሆነች። አለቃዋ ለዓመታት አስገደደኝ አለች፤ ሰውየው ካደ። በ1978 የሕመም ፈቃድ አበዛሽ ተብላ ስትባረር ከሰሰች። የባንኩ መከላከያ ምን ነበር? «እኛ አላወቅንም፤ የቅሬታ ሥርዓት እያለን ለምን አልተጠቀመችበትም?» የቅሬታ ሥርዓቱ ታዲያ ሠራተኛዋ መጀመሪያ ለቅርብ አለቃዋ እንድታመለክት የሚያዝ ነበር። ለዚያው ለሰውየው። በ1986 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ለእሷ ሲፈርዱ ይህችን ነገር ሳይጠቅሷት አላለፉም። ዛሬም ብዙ ምግብ ቤታችን ውስጥ የቅሬታ ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አለመጻፉ ነው።

አሁን ለባለ ምግብ ቤቱ ፍትሕ ልስጣቸው፣ ቡናቸውን ጠጥቻለሁና። ትንሽ ነጋዴ ሲከሰስ ይጎዳል። የፌዴራሉ ሕግ የሚይዘው 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለውን ነው፤ ዲሲ ግን ከ1977 ጀምሮ አንድ ሠራተኛ ያለውንም ይይዛል፣ ሜሪላንድም ከ2019 ወዲህ በትንኮሳ ጉዳይ እንደዚያው። የጠበቃ ሰዓት ውድ ነው፤ ጉዳዩ ሳይጀመር የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ወር ትርፍ ይበላል። እውነት ነው። እሳቸው የሕግ ክፍል የላቸውም፣ እንቅልፍ ያጡትም እሳቸው ናቸው። የባቡር ኩባንያ አይደሉም።

ግን ይኸው ሕግ ለእሳቸው ጋሻ አበጅቶላቸዋል። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን በሰጣቸው ሁለት ፍርዶች እንዲህ አለ፦ አለቃው ሠራተኛዋን ካላባረረ፣ ካላወረደ፣ ደመወዟን ካልነካ፣ አሠሪው ደግሞ ትንኮሳን ለመከላከልና ቶሎ ለማረም የሚገባውን ጥረት ካደረገ፣ እሷም የተበጀላትን መንገድ ያለ ምክንያት ካልተጠቀመችበት፣ አሠሪው ነጻ ሊወጣ ይችላል። ከሁለቱ ተከሳሾች አንዷ ቦካ ራቶን የምትባል የፍሎሪዳ ከተማ ነበረች። ፖሊሲ ነበራት፤ በባሕር ዳርቻ ለሚሠሩት ዋናተኛ ነፍስ አዳኞች ግን አላደረሰችላቸውም፤ ስለዚህ ጋሻው አላዳናትም። ምን ያህል ርካሽ ጋሻ እንደሆነ አስቡት። አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ኩሽና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። ከሥራ አስኪያጁ ሌላ የሚደወልበት አንድ ስልክ ቁጥር። ቅሬታ ሲመጣ በዚያው ሳምንት ሁለቱንም ለየብቻ ጠርቶ መስማት፣ የሰሙትን መጻፍ። የተናገረችውን ፈረቃ አለመንካት። ይህ ሁሉ ከአንድ የጠበቃ ሰዓት ያነሰ ነው።

በቀደም እንደገና ተገናኘን፤ ያው ቤት፣ ያው ጀበና። ይህን ሁሉ አልዘረገፍኩባቸውም፣ ታላቄ ናቸው። ልጅቷ ከመክሰሷ በፊት ነግራዎት ነበር ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ጊዜ መጥታ አልቅሳለች» አሉ። «እኔም እንደ አባት መከርኳት። ከዓርብና ከቅዳሜ ማታ አንሥቼ ማክሰኞ ምሳ ላይ አደረግኳት፣ እንዳይገናኙ ብዬ።»

ዓርብና ቅዳሜ ማታ ጉርሻ የሚገኝበት ነው። ማክሰኞ ምሳ ላይ ባዶ ወንበር ነው የሚስተናገደው።

«ሥራ አስኪያጁስ?» አልኳቸው።

«እሱማ» አሉ ስኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «አሌክሳንድሪያ የከፈትነውን ቤት ይዞልኛል።»